እናታችሁን ከአልጋ አስነሷቸው፦ ከዳሌ ስብራት ኦፕራሲዮን በኋላ ስላሉት ሳምንታት

ጥያቄ፦ «እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ሻወር ቤት በር ላይ ተንሸራታ ወድቃ የጭኗ አጥንት አንገቱ ላይ ተሰበረና ግማሽ የዳሌ መገጣጠሚያዋ በብረት ተቀየረላት። ኦፕራሲዮን ከሆነች ዛሬ 12 ቀኗ ነው። እሷ ሕመሙን ፈርታ፣ እኛም ብረቱ ይወልቃል ብለን ፈርተን፣ ቤት ከገባች ጀምሮ ከአልጋ አላስነሳናትም። እግሯ አብጧል። ዘመዶች ወጌሻ ይያት እያሉን ነው። መቼ ነው መራመድ የምትጀምረው? ጾሙንስ መቀጠል ትችላለች?»

ምላሽ፦

መራመድ የሚጀመረው በኦፕራሲዮኑ ማግስት ነው። ግማሽ መገጣጠሚያ የሚቀየረውም በዋናነት ለዚሁ ነው፤ ሕመምተኛው አጥንት እስኪገጥም አልጋ ላይ እንዳይቆይ። የተሰበረው የጭን አጥንት ራስ ወጥቷል፣ በቦታው ብረት ገብቷል። የብረቱ ግንድ በአጥንቱ ቦይ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያዘው በአጥንት ሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶው ደግሞ እናታችሁ ገና ኦፕራሲዮን ክፍል ሳሉ ደርቆ አልቋል። ስለዚህ እስኪጠና የምትጠብቁት ነገር የለም። ብረቱን የሚያወልቀው መቆምና መርገጥ ሳይሆን የተወሰኑ አቀማመጦች ናቸው፤ እነሱን ዝቅ ብዬ በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ፍርሃታችሁ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን እናታችሁን እየጎዳቸው ያለው አልጋው ነው። ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ በተደረገበት ጥናት ከእግራቸው 1 ኪሎ ገደማ ጡንቻ አጥተዋል። ያውም ስብራትም ኦፕራሲዮንም ሳይኖርባቸው። በዚያ ላይ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት፣ የሳንባ ምች፣ የመቀመጫና የተረከዝ ቁስል፣ የሆድ ድርቀት፣ ማታ ማታ መቃዠትና ሰው መሳት፣ ሁሉም መተኛት የሚያባብሳቸው ናቸው። ከእነዚህም ደም መርጋትና የሳንባ ምች ከዳሌ ስብራት በኋላ አረጋውያንን ለሞት ከሚያበቁት ዋና ዋና ነገሮች መካከል ናቸው።

ይሁንና ከመቆማቸው በፊት ዛሬውኑ እብጠቱ ይታይ። ከኦፕራሲዮን በኋላ እግር ማበጡ የተለመደ ነው፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የተለመደው እብጠት ለስለስ ያለ ነው፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይበዛል፣ ሌሊት እግር ከፍ ብሎ ሲያድር ጠዋት ይቀንሳል። አደገኛው የደም መርጋት እብጠት ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ። ከጉልበት ሎሚ በታች በእጅ ሲዳሰስ ጎላ የሚል የአጥንት እብጥ አለ፤ ከእሱ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ የሁለቱንም ባት ዙሪያ ለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም ባቱ ጠንክሮ፣ ሞቆ፣ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ ወይም እብጠቱ ጭን ድረስ ከወጣ፣ ለነገ ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዷቸውና በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታዩ። ልዩነቱ አነሰ ማለት ግን ደም አልረጋም ማለት አይደለም። ይህን ያህል ቀን ለተኛ ሰው ጥርጣሬ ካደረባችሁ ማስመርመሩ ይሻላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካሳላቸው ግን ሜትር አትፈልጉ፤ ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ። አገር ቤት ከሆናችሁ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

የደም ማቅጠኛውንም አረጋግጡ። ከሆስፒታል ሲወጡ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ኢኖክሳፓሪን የሚባል መርፌ ወይም ሪቫሮክሳባን የሚባል ኪኒን ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ከዳሌ ኦፕራሲዮን በኋላ ብዙ ጊዜ ከ28 እስከ 35 ቀን ይቀጥላል። ቤተሰብ «ቤት ገብታለች፣ አሁን ምን ያደርግላታል» ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያቋርጠው ይህን መድኃኒት ነው፤ ወይ ዋጋው ይከብዳል፣ ወይ የሚወጋ ሰው ይጠፋል። መርፌው ከእምብርት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በሆድ ቆዳ ሥር የሚሰጥ ስለሆነ ከቤተሰብ አንዱ ከነርስ ተምሮ ሊወጋቸው ይችላል። የተወጋውን ቦታ አትሹት፤ ይበልዛል። ተቋርጦ ከነበረ ግን በራሳችሁ አትጀምሩት፤ ለሐኪሙ ደውሉ።

ወጌሻውን በተመለከተ መልሴ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፦ አይንካቸው። የሚገጠም አጥንት የለም፤ የተሰበረው ወጥቶ ተጥሏል። እግሩን ይዞ መጠምዘዝ ብረቱን ከጉድጓዱ ያወጣዋል። ባትን በቅቤም ሆነ በቅባት ማሸት ደግሞ፣ የረጋ ደም ካለ፣ ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። ዘመዶቻችሁ የሚሉት በቅንነት ነው፤ ይህንኑ ምክንያት በግልጽ ንገሯቸው።

ከሆስፒታል በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ፈልጉ። አንደኛው የኦፕራሲዮኑ ዓይነት ነው። «ሄሚአርትሮፕላስቲ» ከሆነ ጥያቄያችሁ ላይ የጻፋችሁት ግማሽ ቅያሪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቻሉትን ያህል ክብደት ይጥሉበታል። «ዲኤችኤስ» ወይም «ኔይል» የሚል ከሆነ አልተቀየረም፣ የራሳቸው አጥንት በብረት ታስሯል ማለት ነው። በእሳቸው ዕድሜ ያኔም ብዙ ጊዜ መርገጥ ይፈቀዳል፣ ነገር ግን የቀዶ ሐኪሙን ቃል ሳትሰሙ አትጀምሩ። ሁለተኛው ዳሌው በየት በኩል እንደተከፈተ ነው፤ ከኋላ፣ ከጎን ወይስ ከፊት። ይህን ጠባሳ አይቶ መገመት ያሳስታል፣ የኋላውና የጎኑ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ደውላችሁ ጠይቁ። መልስ እስክታገኙ ድረስ ከኋላ እንደተከፈተ አድርጋችሁ ተጠንቀቁ።

ከኋላ ሲከፈት የመገጣጠሚያው የኋላ ከረጢትና ትንንሽ ጡንቻዎች ተቆርጠው ይሰፋሉ። እነሱ እስኪድኑ፣ ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ብዙ ሐኪሞች እንደሚያዙት 12 ሳምንት፣ ሦስት ነገር ክልክል ነው፦ ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ እስኪል መታጠፍ፣ የተሠራውን እግር በደህናው ላይ ማነባበር፣ ጣቶችን ወደ ውስጥ አዙሮ መጠምዘዝ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብረቱ ወደ ኋላ ይወጣል። መውለቁ የሚታወቀው በድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ እግሩ አጥሮ ወደ ውስጥ በመዞሩና ጨርሶ መርገጥ ባለመቻል ነው። ያኔ ማንም ሳይጎትተው ሆስፒታል ይወሰዱ።

በእኛ ቤት አደጋው የሚመጣው ከዝቅተኛ መቀመጫ ነው። በርጩማ፣ መደብ፣ ሰውን ውጦ የሚያስቀር ሶፋ፣ ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ፣ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ፖፖ። «እንዳትደክም» ተብሎ አልጋ ሥር መሬት ላይ የሚቀርበው ፖፖ ከሦስቱ ክልክሎች ቢያንስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያስጥሳል፦ ዳሌ እስከ መጨረሻው ይታጠፋል፣ ለመነሳት ሲሞከር ደግሞ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል። በምትኩ ጠንካራ የእንጨት ወይም የብረት ወንበር አምጡ፣ መቀመጫው መሃል ላይ ይቀደድ፣ ባልዲ ከሥሩ ይቀመጥ። ክንድ ማስደገፊያ ይኑረው። የፕላስቲክ ወንበር ለዚህ አትቅደዱ፤ ሲቀደድ ይደክማል፣ እግሮቹ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ይከፈታሉ። ቁመቱን ለማወቅ እናታችሁ ጫማ አድርገው እግራቸውን መሬት ላይ ሲያሳርፉ ከጉልበታቸው ጀርባ እጥፋት እስከ ወለሉ ለኩና 5 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ለቡና የሚቀመጡበት ወንበርም፣ አልጋውም ከዚህ አይነስ። አልጋው ዝቅ ካለ ፍራሽ ደርቡበት ወይም እግሮቹ ሥር የማይንሸራተት ጠንካራ እንጨት አስገቡ።

አሁን ወደ መቆሙ። ማስታገሻውን ከ45 ደቂቃ በፊት ስጧቸው። ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በላይ ከሆነና የጉበት ችግር ከሌለባቸው ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙን 2 ፍሬ፣ በየ8 ሰዓቱ መውሰድ ይችላሉ። ትራማዶል ታዞላቸው ከሆነ ያዞራል፣ ሆድም ያደርቃል፤ ከወሰዱ በኋላ ያለ ደጋፊ አይቁሙ፣ ውኃና ተልባም ይጠጡ። ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትጨምሩ፤ ከደም ማቅጠኛው ጋር ሆድ ያደማል፣ በዚህ ዕድሜ ኩላሊትንም ይጎዳል።

ከአልጋ የሚወርዱት በተሠራው እግር በኩል ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱም በዚያ በኩል ሲወርዱ እግሩ ወደ ውጭ ይከፈታል እንጂ መሃሉን አያቋርጥም። በክርናቸው ተደግፈው ከፍ ይበሉ፣ ወገባቸውንና እግሮቻቸውን አንድ ላይ ጥቂት በጥቂት ያዙሩ፣ አንድ ሰው የተሠራውን እግር ከተረከዝና ከባት ሥር ደግፎ ይከተል። ጠርዝ ላይ 2 ደቂቃ ይቀመጡ። ለቀናት የተኛ ሰው ድንገት ሲነሳ ግፊቱ ይወርዳል፤ ካዞራቸው ወይም ላብ ካጠመቃቸው መልሳችሁ አስተኟቸውና ቆይታችሁ ሞክሩ። ከዚያ የተሠራውን እግር ወደ ፊት ዘርግተው፣ ሁለት እጃቸውን አልጋው ላይ ገፍተው በደህናው እግር ይነሱ። ዎከሩን (ባለ አራት እግሩን የመራመጃ መደገፊያ) ጎትተው አይነሱ፤ ይገለበጥባቸዋል።

ደጋፊው የሚቆመው በተሠራው እግር በኩል ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ነው። ብብት ውስጥ እጅ ከትቶ ማንሳት ወይም እጅ ይዞ መጎተት ትከሻ ይጎዳል፣ ሲወድቁም አያድንም። የሚሻለው መቀነት ነው። ወፍራም መቀነት ወገባቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማችሁ በደንብ ቋጥሩ፣ ከኋላ መሃል ላይ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት። ጉልበታቸው ቢከዳቸው ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ታስቀምጧቸዋላችሁ።

የዎከሩ እጀታ ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ የእጅ አንጓቸው እጥፋት ጋር እኩል ይሁን። ቅደም ተከተሉ ዎከር፣ የተሠራው እግር፣ ከዚያ ደህናው ነው። በመጀመሪያው ቀን አልጋው አጠገብ ቆሞ 1 ደቂቃ መቆየትና ወንበር ድረስ 4 ወይም 5 እርምጃ መሄድ በቂ ነው። በማግስቱ እስከ በሩ። በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ አጭር አጭር መንገድ አንድ ጊዜ ረጅም ከመሄድ ይበልጣል። ሲዞሩ በተሠራው እግር ላይ ተክለው አይሽከርከሩ፤ ትንንሽ እርምጃ እየረገጡ ይዙሩ፣ ቢቻል ወደ ደህናው እግር በኩል። ሲቀመጡ ወንበሩ ባታቸውን እስኪነካ ወደ ኋላ ይሂዱ፣ የተሠራውን እግር ወደ ፊት ያውጡ፣ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ሲያገኝ ቀስ ብለው ይውረዱ።

ቤታችሁ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደረጃው ያስጨንቃችኋል። ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ዱላውና የተሠራው እግር ይቀድማሉ። አንድ እጅ ሁልጊዜ ደረጃው መደገፊያ ላይ ይሁን፣ ደጋፊው ከታች በኩል ይቁም። ለቀጠሮ የምትሄዱት በታክሲ ከሆነ ሚኒባስ ይቅርባችሁ። ትንሽ መኪና ጥሩና የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ አጋድሙት፣ ትራስ አድርጉበት፤ መጀመሪያ መቀመጫቸው ይግባ፣ እግሮቻቸው አንድ ላይ በኋላ ይከተሉ።

እንቅስቃሴዎቹን አልጋ ላይ ሳሉም ያድርጓቸው። በነቁበት ሰዓት ሁሉ፣ በየሰዓቱ፣ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት 20 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፤ ባትን እያሠራ ደሙን ወደ ልብ ይገፋል። በቀን 3 ጊዜ ደግሞ፦ ጉልበትን ወደ ፍራሹ ተጭኖ የጭን ጡንቻን 5 ሰከንድ አጥብቆ መያዝ፣ 10 ጊዜ። የመቀመጫን ጡንቻ አጥብቆ 5 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ። ተረከዝን ፍራሹ ላይ እያንሸራተቱ ጉልበትን በመጠኑ ማጠፍ፣ 10 ጊዜ። እግራቸው አልነሳ ቢላቸው አይደንግጡ፤ ቀጥ ያለ እግርን ከአልጋ ወደ ላይ ማንሳት በዚህ ጊዜ አያስፈልግም፣ ብሽሽትንም ያሳምማል።

ቆመው ጠረጴዛ ይዘው የሚሠሩት ከሁሉ ዋናው ነው። የተሠራውን እግር ወደ ጎን መክፈት፣ ወደ ኋላ መግፋት፣ ጉልበትን ከዳሌ በታች ማንሳት፤ እያንዳንዱ 10 ጊዜ። ወደ ጎን ሲከፍቱ ሰውነታቸው ወደ ሌላው ጎን ካዘነበለ የሚሠራው ዳሌው ሳይሆን ወገቡ ነው፤ ትንሽ ከፍተው ቀጥ ብለው ይሥሩት። ይህ የዳሌ ጎን ጡንቻ ካልጠነከረ ሰው ለዓመታት እየተንገዋለለ ይሄዳል። ዳሌው የተከፈተው በጎን ከሆነ ግን ይኸው ጡንቻ ተቆርጦ ተሰፍቷልና ወደ ጎን መክፈቱን መቼ እንደሚጀምሩ ሐኪሙ ይወስን። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ከከፍተኛ ወንበር መነሳትና መቀመጥ ይጨመር፤ 5 ጊዜ ጀምሮ እስከ 10።

ሲሠሩ ማመሙ አይቀርም። ሕመሙ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ዝቅ ካለ መጠኑ ልክ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከትናንቱ የባሰ ከሆነ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ እንጂ አታቁሙ። በቀናት ውስጥ እየጨመረ የሚሄድ የብሽሽት ወይም የጭን ሕመም ግን ሐኪም ይየው። ቁስሉ መግል ካወጣ፣ ዙሪያው ከቀላና ከሞቀ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ ብረቱ አጠገብ የገባ ኢንፌክሽን ከሰነበተ በኪኒን ብቻ አይጠፋም። ክሩ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ ጊዜው ደርሷል።

ሲተኙ በጀርባ ወይም በደህናው ጎን፣ ሁልጊዜ በጉልበቶቻቸው መካከል ወፍራም ትራስ ይግባ። ከጉልበት ሥር ግን ትራስ አድርጋችሁ አታሳድሩ፤ ዳሌና ጉልበት ታጥፈው ይቀራሉ። ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ ትንሽ ትራስ ከባት ሥር አድርጉ፤ ተረከዝ ላይ ቀይ ነጥብ ካያችሁ ቁስል እየጀመረ ነው።

ስለ ጾሙ። ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ በዚህ ሁኔታ ያለ አረጋዊ፣ የኩላሊት በሽታ ከሌለበት፣ በቀን በኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ያስፈልገዋል። እናታችሁ 55 ኪሎ ቢሆኑ ከ66 እስከ 80 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ይሰጣል። በጾም ቀን በአንድ ማዕድ ብቻ በሽሮ እንጀራ እዚህ መድረስ አይቻልም። ለታመመ ሰው ጾም የሚላላበት ሥርዓት አለና የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ከእናንተ ቃል ይልቅ የእሳቸውን ይሰማሉ። አልጾምም ማለት ጨርሶ ከከበዳቸው ቢያንስ ሰዓቱን ትተው ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይከፋፈልላቸው። ስግደት ለጊዜው ቆመው ራስን ዝቅ በማድረግ ይሁን፤ መሬት ወድቆ መስገድ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይቻልም።

ጊዜውን በግምት ላስቀምጥላችሁ። አሁን ቢጀምሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በዎከር፣ ከዚያ እስከ 3 ወር ገደማ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ምርኩዙ የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘውና ክብደቱን ሁሉ እዚያው ይጭነዋል። ጥንካሬው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይጨምራል። «አንዱ እግሬ ረዘመብኝ» ቢሉ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ጫማ ላይ ምንም አትጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ ጡንቻው ስለጠበበ የሚመጣ ስሜት ነው፣ እየተራመዱ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን በቀጠሮው ቀን ራሳችሁ አንሱ፣ ብዙ ጊዜ ማንም አያነሳውምና። ከቁመት ወድቆ ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ አጥንቱ ሳስቷል። ሌላኛው ዳሌም እንደዚሁ ሊሰበር ይችላል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ እንዲሁም እንደ አሌንድሮኔት ያለ የአጥንት መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያ በፊት የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል። አሌንድሮኔት ከታዘዘ ባለ 70 ሚሊ ግራሙ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሻይም በወተትም ሳይሆን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ምግብ ሳይቀምሱ ቀጥ ብለው ይቀመጡ ወይም ይራመዱ። ጋደም ካሉ ኪኒኑ ጉሮሮ ውስጥ ቀርቶ ያቆስላል፤ ተቀምጠው መቆየት እስኪችሉ ድረስም አይጀመርም።